የወጥ ቤት እንግሊዝኛዬ

ጎረቤቴን ጋሽ ወልዴን የገደለው ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ በሽታው፣ ወይ የጀልዴሳው ሥር ማሽ፣ ወይ እኔ። ሦስታችንም እስከ ዛሬ አልተከሰስንም። በሽታን የሚከስስ የለም፤ ሥር ማሹን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፤ እኔ ግን ይኸው እዚሁ ነኝና ቃሌን ልስጥ።

ነገሩ የሚጀምረው ከድስት ነው። ጣሊያን ወጥቶ እንግሊዞች ድሬዳዋ ሰፍረው በነበሩበት ጊዜ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድስት አጣቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ የድሬዳዋ ፀሐይ ጠብሳ ያቀላችው ወፍራም ሳጅን ነበር። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሊያስተምረኝ አስቦ ግን አይደለም፤ ሲጮህብኝ ነው የተማርኩት። የተማርኩትም የሚበላውን ብቻ ነው። በተር፣ ኤግ፣ ብሬድ፣ ፖቴቶ፣ አኒየን፣ ሶልት። ስለ ሰማይ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት አንዲት ቃል አላውቅም፤ ሳጅኑ እነሱን አይቀቅላቸውማ። ሰውየው ሲናገር ንግግሩ ለእኔ እንደ ጭው ያለ ሜዳ ነበር። በሜዳው መሃል አልፎ አልፎ አንድ ድንች ብቻውን ቆሞ አያለሁ። ወደ ድንቹ እሮጣለሁ።

ይህ ሩጫዬ ገና ያኔ ጣጣ ማምጣት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን የመኮንኖቹን ሳህኖች ተሸክሜ ስገባ አደናቀፈኝና ሁሉንም ሰባበርኳቸው። ሳጅኑ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ዩ አር ኢን ዘ ሱፕ!» አለኝ። ሱፕ ሾርባ መሆኑን አውቃለሁ። ሾርባው ውስጥ የወደቀ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ወደ ድስቱ ሮጥኩና እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ ፈለግኩ። የፈለግኩትን አላገኘሁም፤ ሳጅኑ ግን እኔን አገኘኝ። ለካ «ጉድህ ፈላ» ማለቱ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ መኮንን በመስኮት የገባች ቢራቢሮ አይቶ ደስ ብሎት፣ «በተርፍላይ!» አለ። በተር ቅቤ ነው፣ ፍላይ ዝንብ ነው። ቢራቢሮዋን ዞር ብዬም አላየኋት፤ የቅቤውን ሳህን በፎጣ ሸፍኜ ዝንብ ማባረር ያዝኩ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ይማር ነበር። እኔ ግን ከመቀጣት በቀር የተማርኩት ነገር የለም።

እንግሊዞቹ ሄዱ። እኔ መጋላ ወደሚባለው ሰፈሬ ተመለስኩ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሰው ግማሽ ዲዳ ነው፤ ቲማቲም በኦሮምኛ ጠይቆ፣ በሶማልኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ተጣልቶ፣ በዐረብኛ «ማዓሰላማ» ብሎ የሚለያይ ሕዝብ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚከበረው ፈረንሳይኛ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ሲያስነጥሰው እንኳ በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ግን በሰፈራችን የእኔ ብቻ ሆነ። አውቃለሁ ብዬ አልተናገርኩም፤ አላውቅም ብዬም አልተናገርኩም። ሰው «ሚስተር» ብሎ ሲጠራኝ ዞር ብዬ አየሁ። ኃጢአቴ በሙሉ ያቺ መዞር ናት።

ጋሽ ወልዴ ዕድሜውን በሙሉ ጂቡቲና ድሬዳዋ መሃል ሲመላለስ የኖረ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። ሥራ ፈት ሆኜ ስዞር የጓሮ ክፍሉን የሰጠኝ እሱ ነው። እጄን ይዞ የለገሀር መጋዘን አለቃ ፊት አቁሞ፣ «ይህ ልጅ ሞኝ ነው፣ ሌባ ግን አይደለም» ብሎ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ሚስቱ እትዬ ትርንጎ ልጅ አልነበራትምና ልብሴ ሲቀደድ ሰድባኝ ትሰፋልኛለች።

እንግዲህ እግሩ ያበጠው ይህ ሰው ነው። ጠዋት የገባለት ጫማ ከሰዓት አይገባም። ቀጥሎ ፊቱ አበጠ፤ ቀጥሎ ሁለት ደረጃ ሲወጣ አንድ ሙሉ ባቡር የገፋ ይመስል ያለከልካል። በዚያን ጊዜ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም የሕክምና ክፍል ከፍቶ ነበር። አስተርጓሚው ግን ሥራውን ትቶ ሄዶበታል ተባለ። እትዬ ትርንጎ ነጠላዋን ለብሳ ደጄ ላይ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ነው ቀንህ» አለችኝ።

በጋሪ ደቻቱን ተሻገርን። ወንዙ እንደ ልማዱ ውኃ ሳይሆን አሸዋ ነበር። ሐኪሙ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው። የጋሽ ወልዴን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ሥጋው ጎድጉዶ ቀረ። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ሜዳው ረዘመ፣ ረዘመ፤ በመጨረሻ፣ «ኖ ሶልት!» አለና ሁለት እጁን አመሳቀለ። እዚያ ላይ ሮጬ ደረስኩ።

«ጨው ክልክል ነው ይላል!» አልኩ።

ትክክል ነበርኩ። ምነው ያኔ በተሳሳትኩ! እትዬ ትርንጎ የቤቱን ጨው ጠርጋ ለጎረቤት አደለች። ኪኒንም ተሰጠው። ሳምንታት አለፉና እብጠቱ ጎደለ፤ ጫማው ከሰዓትም ይገባ ጀመር። ዝናዬ ከሰፈር አልፎ ቀፊራ ገበያ ደረሰ። በርበሬ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ሚስተር፣ ይህን ብልቃጥ አንብብልን» ይሉኛል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቼ፣ አገላብጬ አይቼ፣ «ተጠንቅቃችሁ ያዙት» እላለሁ። የማይሠራ ምክር አይደለም።

ጋሽ ወልዴ ግን ከሰለ። «ጨው የሌለው ወጥ መብላትና የራስን ተዝካር መብላት አንድ ነው» ይላል። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በዚህ መሃል አንድ የድሮ የባቡር ባልንጀራው መጥቶ፣ ጀልዴሳ በሚባል ገጠር በኩል አንድ ሥር ማሽ አለ፣ ሥሩን አድርቆ ወቅጦ የሚሰጠው ሰው እብጠት ዳግመኛ አይነካውም አለው። ጋሽ ወልዴ ልቡ ተነሣ። እትዬ ትርንጎ፣ «ሐኪሙን ሳትጠይቅ አንዲት ቅጠል አትቀምስም» ብላ ማለች። ስለዚህ ሦስታችን እንደገና ከዚራ ሄድን።

«ጀልዴሳ ያለው ሰውዬ ሥሩን ከጠጣሁ እንደማያብጠኝ ይናገራል፤ ምን ትመክረኛለህ በለው» አለኝ ጋሽ ወልዴ።

ይህን ለመናገር ያላጠፍኩት ጣት የለም። «ማን፣ ጀልዴሳ። ሜድስን። ማን ሴይ ጉድ፣ ጉድ!» እያልኩ እግር አሳበጥኩ፣ እግር አሟሸሽኩ፣ ሥር ቆፈርኩ፣ ወቀጥኩ፣ ጠጣሁ። ሐኪሙ ገባው። ሳቀና ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ቴክ ኢት ዊዝ ኤ ፒንች ኦቭ ሶልት» አለኝ።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ንግግር ከራሱ እስከ እግሩ ሲገባኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «ቴክ ኢት» ውሰደው ነው። «ፒንች» ደግሞ ሳጅኑ በሦስት ጣቱ ቆንጠር እያደረገ ያሳየኝ ነው። «ሶልት» ጨው ነው። ውሰደው፣ ከቁንጥር ጨው ጋር! ሜዳ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ድንች ነው። እንዲያው ለማረጋገጥ ሦስት ጣቴን ገጥሜ «ሶልት?» አልኩት። ይበልጥ እየሳቀ፣ «ኤ ቢግ ፒንች!» አለኝ።

«ጠጣው ይላል» አልኩ፤ «በቁንጥር ጨው አድርገህ። እንዲያውም ጠርቀም አድርገው ይላል።»

የጋሽ ወልዴ ፊት በራ። እትዬ ትርንጎ ግን አልበራላትም።

«ባለፈው ጨው መርዝ ነው አላልክም እንዴ?»

«ያ ባለፈው ነው» አልኩ።

«ሰውየው ምን ያስቀዋል ታዲያ?»

«እትዬ ትርንጎ፣ እንግሊዝኛውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት። በሕይወቴ ለእሷ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዝም አለች። ያቺ ዝምታዋ ናት እስከ ዛሬ የምትቆጠቁጠኝ።

ሥሩ መጣ። ጋሽ ወልዴ ጠዋት በቁንጥር ጨው፣ ማታ በቁንጥር ጨው ይጠጣው ጀመር። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ሲል አሰበ፤ ጨው ከመድኃኒት ጋር ከተፈቀደ፣ ከወጥ ጋር ለምን ይከለከላል? ወጡ ጨው ገባበት። በአምስተኛው ቀን ቋንጣ አስመጣ። እኔንም እየጠራኝ፣ «ና ብላ፣ ሞን ፊስ፣ ልጄ! አንተ ባትኖር ጨው ሳልቀምስ ልሞት ነበር!» ይለኛል። በደስታ አብሬው በላሁ። እግሩ ማበጥ ሲጀምር ሥሩ በሽታውን ወደ ውጭ እየገፋው ነው ተባለ። ፊቱ ሲያብጥ ይበልጥ ገፋው ተባለ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጋደም ማለት አቃተው፤ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ አየር ይለምናል። ሥሩ የሚገፋው ነገር አልቆ ራሱን ጋሽ ወልዴን መግፋት ጀምሮ ነበር።

ወደ ከዚራ በእግሬ ሮጥኩ። ሐኪሙ ምን እንደበላ በምልክት ጠየቀኝ። እኔም ሥራዬን የፈጸምኩ መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ዩ ሴይ! ቴክ ኢት፣ ፒንች ሶልት! ኤቭሪ ዴይ!» አልኩት።

ሐኪሙ አልጮኸም። ቢጮህ በወደድኩ፤ ለጩኸት ሳጅኑ አሠልጥኖኛል። ፊቱ ግን እንደ ኖራ ነጣና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ፣ እጅጌዬን ይዞ፣ መንገዱን አሻግሮ ራምጂ የሚባል የህንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ አስገባኝ። ራምጂ እንግሊዝኛውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አማርኛው ግን ወንድና ሴት አይለይም። ሁለቱ ተነጋገሩ። ራምጂ ሜትሩን አስቀመጠ።

«አንቺ ምን ብለሽ ነገርሽው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ይሄ ጨው፣ ጨው አይደለችም» አለ። «እንግሊዝ ሰው ወሬ ስትሰማ፣ ሁሉን እንዳለ አትዋጥ፣ አትመን ለማለት ነው 'በቁንጥር ጨው ውሰድ' የምትለው። ሐኪሙ፣ ያ የጀልዴሳ ሰውዬ ወሬው አይታመንም ብላለች። እናንተስ ልቤ ቅቤ ጠጣ ትሉ የለም? እኔ መጀመሪያ ስትሰማ፣ ይህ ሰው ቅቤ ጠጥታ ታመመች ብዬ ሎሚ ሰጠሁት።»

ቆሜ ቀረሁ። እኔን ያሳደገችኝ የእንጀራ እናቴ ናት። አንድ ቀን እንኳ «ይህች ሴት ከጤፍ ነው የተሠራችው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በራሴ ቋንቋ ሲሆን እንጀራው እንጀራ እንዳልሆነ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ። የሰው ቋንቋ ሲሆን ግን ጨው አይቼ ላስኩት።

ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ መርፌ ወጋው። ራምጂም ሱቁን ዘግቶ አብሮን መጣና የተባለውን ለእትዬ ትርንጎ አስተረጎመላት፤ ልቡ ደክሟል፣ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ተስፋ አለ። ስለ ጨው ግን ሐኪሙም አላነሣ፣ ራምጂም አላነሣ። ሁለቱም ያዩት እኔን ነበር። ይህን አንተው ተናገር ማለታቸው መሆኑን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

በማግሥቱ እትዬ ትርንጎ ለጸሎት ወጣ ስትል ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ጋሽ ወልዴ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሐኪሙ ጨው ውሰድ አላለም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ፊቱን አየሁታ።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። «ዕድሜዬን በሙሉ ከፈረንሳይ አለቃ ጋር ስሠራ ቃሉ የሚገባኝ ይመስልሃል? ፊቱን ነበር የማዳምጠው። ሐኪሙ እየቀለደ ነበር። የሰውዬውን ሥር እያፌዘበት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠጣኸው?»

«አንተ ጨው አልክ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መስማት አልፈለግኩም።» እጄን ጨበጠኝ፤ ጣቶቹ እንደ ሊጥ አብጠው ነበር። «ለትርንጎ እንዳትነግራት። አውቆ ነው የበላው ብላ ከምትቀየመኝ፣ በሽታ ወሰደው ብላ ታልቅስልኝ።»

እውነቱን ይሁን ሸክሜን ሊያቀልልኝ ብሎ የፈጠረው፣ ልጠይቀው አልቻልኩም። መርፌውን በተወጋ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። እኔ ድንኳኑ ጥግ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ሰው እየመጣ ያጽናናኛል። «እስከ መጨረሻው ያልተለየው እሱ ነው» ይላሉ። «የሐኪሙን ቃል አንዲት ሳትጎድል ያደርስለት ነበር» ይላሉ። አንዲትም አልጎደለችም፤ በዚህ እንኳ አልዋሹም። በሠልስቱ ደግሞ ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖረው ፋጡማ ጠጋ አለችኝ።

«ሚስተር፣ ልጄ ሐሊማ ትኩሳት አለቀቃትም። ሰኞ ከሐኪሙ ጋር አነጋግረኝ፣ ወላሂ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።»

አላውቅም፣ አልችልም፣ ሂጂ ማለት ነበረብኝ። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ አልኩ! ሰው የገደለ ምላሴ ዝም ቢል፣ አንገቴ ተቀበላት።

እሑድን ሙሉ ስቃትት ዋልኩ። አመሻሹ ላይ እትዬ ትርንጎ የሟቹን የባቡር ካፖርት እያጠፈች ሳለ ገብቼ ሁሉን ነገርኳት። ሁሉን ማለቴ የእኔን ድርሻ ነው። የእሱን ድርሻ አልነገርኳትም።

ካፖርቱን አጥፋ ጨረሰች። አልሰደበችኝም፤ ሳትሰድበኝ ስትቀር በጣም ፈራኋት።

«ነገ ከሥራህ ቅር» አለችኝ።

ሰኞ በማለዳ ይዛኝ ወጣች። ከመጀመሪያው በር ጀምራ አንኳኳች። «ለእኔ የነገርከኝን ንገራቸው» አለችኝ።

በየበሩ ቆሜ፣ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። የማውቀው የምግብ ስም ብቻ ነው። ጋሽ ወልዴን ጨው ያበላሁት ሐኪሙ ሳይለኝ ነው» እላለሁ። አንደኛዋ አለቀሰች። ሁለተኛው በሩን በፊቴ ዘጋ። ሦስተኛው የእኔን ንባብ አምኖ የጠጣውን ብልቃጥ አምጥቶ፣ «ታዲያ ይህስ ምንድን ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ ያን ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ዋለ፤ ከብልቃጡ ይሁን ከፍርሃቱ እንጃ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ጭራሽ አላመኑኝም። «አይ ልጄ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ፤ ያልፋል» ብለው መረቁኝና የእግራቸውን ቁስል አሳዩኝ። እትዬ ትርንጎ፣ «እንደገና ንገራቸው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው።

መጨረሻ የደረስነው ፋጡማ ቤት ነው። ሐሊማን አዝላ፣ ለመሄድ ተዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነበር። ነገርኳት። 

«ኧረ አቦ!» አለች፤ «ታዲያ ልጄን ምን ላድርጋት?»

«ራምጂ አለ» አለች እትዬ ትርንጎ። «እኔ እለምነዋለሁ። ይህ ልጅ ደግሞ ልጅቷን ይሸከም፤ ለመሸከም ቋንቋ አያስፈልግም።»

ሐሊማን ተሸክሜ ከዚራ ደረስን። ራምጂ መጣ። ሐኪሙ እኔን አየና ልጅቷን ተቀበለኝ። ዓይኗን፣ ጉሮሮዋን አየ፤ ጀርባዋን አዳመጠ። መድኃኒት ሰጣት፤ ራምጂ ሁሉን እየቆራረጠ ለፋጡማ ነገራት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ስለተባለ ያው አራታችን እንደገና መጣን፤ ራምጂም ከሱቁ ተጠራ። በዚህ ጊዜ ሐሊማ ከጠረጴዛው ላይ ዘላ ወርዳ የሐኪሙን ማዳመጫ አንገቷ ላይ አድርጋ በክፍሉ ውስጥ ትሮጥ ጀመር። ሐኪሙ እየሳቀ፣ «ሺ ኢዝ ፉል ኦቭ ቢንስ!» አለ።

ፋጡማ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። ልማድ ነው። ቢንስ ማለት ባቄላ እንደሆነ አውቃለሁ። ምላሴ ላይ መጣ፤ ጥርሴን ነክሼ ወደ ራምጂ ጠቆምኳት።

«ጉልበት ሞልቶታል፣ ድኗል ይላል» አለ ራምጂ።

ፋጡማ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ልጇን ይዛ ለሰፈሩ ልትነግር ቀድማን ሄደች። እኔና እትዬ ትርንጎ በኋላ በኋላ በደቻቱ አሸዋ ላይ ስንሻገር፣ ያለ ልማዷ፣ «አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?» አለችኝ።

«ሆዷን ባቄላ ሞልቶታል፤ ሁለተኛ ባቄላ እንዳታበዪአት፣ እል ነበር።»

ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እየሳቀች ሆዷን ይዛ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። መሃል ላይ ሳቁ መልኩን ለወጠ፤ ትከሻዋ እንደዚያው እየተንቀጠቀጠ እንባዋ ይወርድ ጀመር። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ከፊቷ ቆምኩ። ቆይታ ፊቷን ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱ ግን አውቆ ነው የበላው፣ አይደለም?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እሷም ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። ያን ዝምታዬን በምን እንደተረጎመችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።